ብርጭቆ ሲነፋ ቁጭ ብሎ ማየት፦ ወደ ታኮማ ሆት ሾፕ ለምትሄዱ ዝርዝር መመሪያ

አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሲያትልና አካባቢዋ የምንኖር ሰዎች ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብን ከምናሳያቸው ቦታዎች አንዱ ታኮማ ያለው የብርጭቆ ሙዚየም ነው። ከሩቅ የሚታየው፣ ወደ ጎን ያዘመመው ትልቅ የብረት ሾጣጣ ውስጥ «ሆት ሾፕ» አለ፤ ባለሙያዎች ተመልካች ፊት ብርጭቆ እየነፉ የሚሠሩበት ቦታ ነው። ከዚያ የተመለሰውን ሰው «እንዴት ነበር?» ብትሉት ግን መልሱ ሁሌም ያው ነው፦ «ይሞቃል። ሰውየው ያዞራል፣ ያዞራል፣ ያዞራል።» ስልኩ ላይ ያለው ቪዲዮም ነጭ እሳት ብቻ ነው።

እኔም ሁለት ጊዜ እንዲሁ ሆኜ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ከወሎ የመጣችው አክስቴ አጠገቤ ተቀምጣ፣ «ይሄ ሰው ማር ነው እንዴ በዘንግ የያዘው? ካላዞረው እኮ ይፈሳል» ስትል ነው የገባኝ። እንግሊዝኛ አትሰማም፤ ከእኔ ቀድማ ግን ዋናውን ነገር አየችው።

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው ሦስት ቦታ ነው። መሃል ላይ እንገባለን፤ መሃል ላይ እንወጣለን፤ «መንፋት» ስለተባለም የባለሙያውን አፍ እንጠብቃለን። ትንፋሹ ከጠቅላላው ሥራ ውስጥ ጥቂት ሰከንድ ብቻ ነው። መታየት ያለበት ሙቀቱና መዞሩ ነው። እዚህ የጻፍኩት ታኮማን አስቤ ነው፤ የሥራው ቅደም ተከተል ግን ቬኒስ አጠገብ ባለችው ሙራኖም ሆነ ኒው ዮርክ ግዛት ኮርኒንግ ብትሄዱ ብዙም አይለወጥም።

ከቤት ሳትወጡ

1. የሚሠራበትን ሰዓት አረጋግጡ። ሙዚየሙ ክፍት ነው ማለት እቶኑ ፊት ሰው አለ ማለት አይደለም። ባለሙያዎቹ ምሳ ይወጣሉ፤ ሆት ሾፑ የማይሠራበት ቀንም አለ። በሄዳችሁበት ዕለት ጠዋት የሙዚየሙን ድረ ገጽ ተመልከቱ። ካልተማመናችሁ ደውላችሁ፣ «ዛሬ ሆት ሾፑ ከስንት እስከ ስንት ይሠራል? ማን ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ።

2. ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ለዩ። የሙዚየሙ ቡድን ትንንሽ ዕቃ የሚሠራበት ቀን አለ፤ እንግዳ አርቲስት መጥቶ ትልቅ ሥራ የሚያሠራበት ቀን አለ። አንድ ኩባያ ወይም ትንሽ የአበባ ማስቀመጫ በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ትልቅ ሥራ ሰዓታት ይፈጃል፤ ከዚያ ውስጥ ብዙው ማሞቅና መልሶ ማሞቅ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ ወይም ልጅ ከያዛችሁ የትንንሽ ዕቃ ቀን ይሻላል። «ታዋቂ ሰው ይመጣል» ተብሎ የሚኬድበት ቀን ለጀማሪ በጣም አድካሚው ነው።

3. ሁለት ሰዓት ተኩል መድቡ። ከሲያትል ታኮማ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አይ ፋይቭ የሚባለው አውራ ጎዳና ላይ ግን ርቀቱ ሳይሆን ሰዓቱ ነው የሚወስነው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሄዳችሁ መንገድ ላይ ትቀራላችሁ። በመኪና ስትሄዱ መውጫ 133ን ይዛችሁ ወደ መሃል ከተማ ግቡ። በሕዝብ መጓጓዣ የምትሄዱ ታኮማ ዶም ጣቢያ ወርዳችሁ የከተማዋን ቀላል ባቡር ያዙና ዩኒየን ስቴሽን ውረዱ፤ ከዚያ የብርጭቆ ድልድዩን በእግር ስትሻገሩ ሙዚየሙ ጋ ትደርሳላችሁ።

4. ደርባችሁ ልበሱ። ውጭ የታኮማ ዝናብ ነው፣ ውስጥ እቶን። የሚወልቅ ሹራብ እንጂ አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ አትልበሱ። ውኃ ጠጡና ግቡ፤ ቆሎ ኪሳችሁ ካለ ውጭ ጨርሱት።

5. ስልካችሁን አሁኑኑ ሞክሩ። የስልክ ካሜራ ጨለማ ውስጥ ያለ እሳት ሲያይ ግራ ይገባዋል። ቤት ውስጥ መብራት አጥፍታችሁ ሻማ ለኩሱ፤ ካሜራውን ክፈቱና የስልኩ መስኮት ላይ በሚታየው የሻማ ምስል ላይ ጣታችሁን ጫን አድርጋችሁ ያዙ። ብርሃኑ መቆለፉን የሚያሳይ ምልክት ሲመጣ፣ የሻማው ነበልባል ቅርጹ እስኪለይ ድረስ ጣታችሁን ወደ ታች ጎትቱ። እዚያም የምታደርጉት ይህንኑ ነው። ቤት ያልተለማመደ ሰው ሆት ሾፕ ውስጥ ሲነካካ ዋናው ነገር ያልፈዋል።

ቦታ አያያዝ

6. ከፊት ረድፍ ይልቅ ከመሃል ጀምሩ። ከፊት ሙቀቱ ፊት ላይ ይመጣል፤ ልጆችና አረጋውያን አሥር ደቂቃ አይቆዩበትም። ጥቂት ረድፍ ከፍ ስትሉ እቶኑን፣ አግዳሚውንና በመካከላቸው የሚመላለሱትን ሰዎች በአንድ ዓይን ታያላችሁ።

7. አግዳሚውን ፈልጉና ከጎኑ ተቀመጡ። አግዳሚው ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ሐዲድ የወጣለት፣ ባለሙያው የሚቀመጥበት ወንበር ነው። ዘንጉን ሐዲዱ ላይ አጋድሞ እያንከባለለ ብርጭቆውን ይቀርጻል። ከጀርባው ከተቀመጣችሁ የምታዩት ሸሚዙን ነው። ብርጭቆው ያለበት የዘንጉ ጫፍ ወደ እናንተ የሚዞርበትን ጎን ምረጡ።

ቦታው ከተያዘ? ቁሙና አንድ ዕቃ እስኪያልቅ ጠብቁ። ጭብጨባ እንደተሰማ ግማሹ ሰው ይነሳል፤ ያኔ ግቡ። እንዲያውም ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለም፤ ቀጣዩን ዕቃ ከዜሮ ታዩታላችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ የእቶኑን አፍ አፍጥጣችሁ አትመልከቱ። ባለሙያዎቹ ጥላ ያለው መነጽር የሚያደርጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ዓይናችሁን ብርጭቆው ላይ አድርጉ እንጂ ጉድጓዱ ላይ አይደለም። ልጆቹንም ንገሯቸው።

ሳይጀመር ማወቅ ያለባችሁ

ክፍሉ ውስጥ ሦስት ዓይነት እሳት አለ፤ እነሱን ካልለያችሁ ሰዎቹ ዝም ብለው ወዲያ ወዲህ የሚሉ ይመስላችኋል። አንደኛው ቀልጦ የተዘጋጀ ብርጭቆ የሞላበት ዋናው እቶን ነው። ሁለተኛው «ግሎሪ ሆል» የሚሉት ነው፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ የቀዘቀዘውን ሥራ መልሶ ለማሞቅ ብቻ ያገለግላል። ሦስተኛው ከዳር ያለ ዝምተኛ ሳጥን ነው፤ ያለቀው ዕቃ ቀስ እያለ የሚበርድበት።

በማይክሮፎን የሚያብራራ ሰው ሲኖር ሙቀቱን የሚናገረው በፋራናይት ነው። 2,100 ሲል በእኛ ሴንቲግሬድ 1,150 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ዋናው እቶን። ግሎሪ ሆሉ ከዚያ ይበልጣል። 900 ሲል ደግሞ 480 ገደማ፣ የማብረጃው ሳጥን ነው።

ጥቂት ቃላትም ያዙ፤ እንግዳችሁ እንግሊዝኛ የማይሰማ ከሆነ አስተርጓሚው እናንተ ናችሁና። ቡድኑን የሚመራው ሰው «ጋፈር» ይባላል። ከእቶን ብርጭቆ ጠቅልሎ ማውጣት «ጋዘር»፣ የብረት ጠረጴዛው «ማርቨር»፣ ትልቁ ጉጠት መሰል መሣሪያ «ጃክስ»፣ ዕቃውን ከታች የሚይዘው ድፍን የብረት ዘንግ «ፐንቲ» ነው። ጋፈሩ «ብሎው» ሲል ረዳቱ ይነፋል፤ «ስቶፕ» ሲል ያቆማል። አዎ፣ ብዙ ጊዜ የሚነፋው ዋናው ባለሙያ ሳይሆን ረዳቱ ነው። ሥራውን ያሰበው አርቲስትም ዘንግ ላይነካ ይችላል፤ የታኮማው ተወላጅ የብርጭቆ አርቲስት ዴል ቺሁሊ በ1976 በመኪና አደጋ የግራ ዓይኑን ብርሃን ካጣና በ1979 ትከሻው ከተጎዳ በኋላ ሥራውን ቆሞ በመምራት ነው የቀጠለው። ስለዚህ «አርቲስቱ የቱ ነው?» እያላችሁ አትድከሙ። ብርጭቆውን ተከተሉ።

ሥራው ደረጃ በደረጃ፣ የት የት እንደምታዩ

8. ጠቅልሎ ማውጣት። ባለሙያው ጫፉ የጋለ ባዶ ቧንቧ ይዞ ወደ ዋናው እቶን ይሄዳል፤ ከቧንቧው ጫፍ ላይ እየተጠቀለለ የሚወጣው ብርቱካናማ ነገር ብርጭቆ ነው። እጁን እዩ። ከዚህች ሰከንድ ጀምሮ መጨረሻው ድረስ መዞሩ አይቆምም። ማር በማንኪያ ጫፍ ይዛችሁ ማንኪያውን እያዞራችሁ ወደ አፋችሁ ስትወስዱ የምታደርጉት ነው። ማዞሩ ከቆመ ብርጭቆው ወደ አንድ ጎን ይዘምማል፤ ከቆየም ወለል ላይ ይንጠባጠባል።

ለልጆች የምሰጠው ሥራ ይኼ ነው፦ «ማዞር ያቆመበትን ሰዓት ያየ ይንገረኝ።» ሃያ ደቂቃ ዝም ብለው ያያሉ።

9. ጠረጴዛው ላይ ማንከባለል። የብረቱ ጠረጴዛ ቀዝቃዛ ነው፤ ብርጭቆው ሲነካው ቆዳው ይጠነክራል፣ ውስጡ ለስላሳ እንደሆነ ይቆያል። ይህ ካልተደረገ ትንፋሹ የትም ወጥቶ ይበተናል።

10. የመጀመሪያዋ አረፋ። እዚህ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ፤ አምስት ሰከንድ አይሞላም። ባለሙያው ቧንቧው ውስጥ እፍ ይልና ወዲያው ቀዳዳውን በአውራ ጣቱ ይደፍናል። ከዚያ ምንም ሳያደርግ ይጠብቃል። ውስጥ የታፈነው አየር ሲሞቅ ይለጠጥና ራሱ ብርጭቆውን ይገፋዋል፤ ጫፉ ላይ ትንሽ አረፋ ብቅ ትላለች። ሰው «አሁን ሊነፋ ነው» ብሎ ጉንጩን ሲጠብቅ አረፋዋ ጣቱ ሥር ሆና ታልፋለች።

11. ቀለም። ቀለሙ ብዙ ጊዜ የብርጭቆ ዱቄት ወይም ስብርባሪ ነው፤ የጋለው ብርጭቆ ላዩ ላይ ተንከባሎ ያነሳዋል፣ ዳቦ ሰሊጥ ላይ እንደሚንከባለል። ከዚያ ተመልሶ እሳት ውስጥ ይገባል። የተመልካች ቅሬታ የሚጀምረው እዚህ ነው፦ «ሰማያዊ ነው አሉን፣ ብርቱካናማ ነው!» ሲግል ሁሉም ብርቱካናማ ነው። እውነተኛው ቀለም የሚወጣው ሲበርድ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሚታየውም በማግሥቱ።

12. ሁለተኛው ንብርብርና እርጥቡ ጋዜጣ። ዕቃው ትልቅ እንዲሆን ከተፈለገ ተመልሰው እቶን ውስጥ ይነክሩታል፤ አዲስ ብርጭቆ ይደርብበታል። ከዚያ ጋፈሩ ይቀመጥና ውኃ ውስጥ የቆየ፣ ጭልፋ የመሰለ የእንጨት መሣሪያ ከሥሩ ያደርጋል። ወይም ደግሞ ታጥፎ ታጥፎ የወፈረ እርጥብ ጋዜጣ በመዳፉ ይዞ የጋለውን ብርጭቆ ያቅፈዋል።

እዚህ ቆም በሉ። በመዳፉና በሺህ ዲግሪ ገደማ መካከል ያለው ጋዜጣ ብቻ ነው። ውኃው እንፋሎት ይሆንና እንፋሎቱ ራሱ ትራስ ይሆነዋል። የሚጨሰውን ሽታ ልብ በሉ፤ የተቃጠለ ወረቀት ከሸተታችሁ ጋዜጣ ነው፣ የሻማ ቤት ዓይነት ሽታ ከሆነ ጃክሱ ላይ የሚቀቡት የንብ ሰም ነው። ከኋላ ረድፍ ሆናችሁ የትኛውን መሣሪያ እንደያዘ ባይታያችሁ አፍንጫችሁ ይነግራችኋል።

13. መልሶ ማሞቅ። ብዙ ሰው ተነስቶ የሚሄደው እዚህ ነው፤ «ይኼን አይቼዋለሁ» ብሎ። በሥራው ውስጥ ግሎሪ ሆል ደርሶ መመለስ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። መሰልቸት እንዳይመጣ የብርጭቆውን ቀለም እንደ ሰዓት አንብቡት። ደማቅ ብርቱካናማ ሆኖ ከወጣ ለስላሳ ነው፣ ይቀረጻል። እየደበዘዘ ቀላ ሲል ጊዜው እያለቀ ነው። ፍካቱ ከጠፋ በኋላ ከቆየ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከጥቂት ዙር በኋላ «አሁን ይነሳል» ብላችሁ ከጋፈሩ ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ያኔ ማየት ጀምራችኋል።

የዘንጉንም አቅጣጫ ተመልከቱ። ብርጭቆው ያለበት ጫፍ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ዕቃው ይረዝማል፤ ወደ ላይ ከተደረገ ያጥራል፣ ይሰፋል። ያለ ምንም መሣሪያ፣ በክብደቱ ብቻ።

14. አንገት ማውጣት። ጋፈሩ በጃክሱ ከቧንቧው አጠገብ ያለውን ብርጭቆ እየጨመቀ ያቀጥነዋል። ብርሌ አስቡ፤ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ቀጭን። እዚህ ግን ቀጭኑ መስመር ለውበት አይደለም፣ በኋላ የሚሰበርበት ቦታ ነው። ይህ መስመር በደንብ ከቀጠነ ቀጣዩ ደረጃ ይሳካል፤ ካልቀጠነ ከዚህ በታች የምታነቡት ይደርሳል። ከዚያ መቀመጫው በእንጨት ሰሌዳ ጠፍጠፍ ይደረጋል።

15. ማዛወር። የመጣችሁት ለዚህ ነው።

እስካሁን ዕቃው ቧንቧው ላይ የተጣበቀው በአፉ በኩል ነው። አፉ እንዲከፈት ከቧንቧው መላቀቅ፣ ለዚያ ደግሞ ከቂጡ በኩል ሌላ ነገር ሊይዘው ይገባል። መቃረቡን የምታውቁት በጋፈሩ ሳይሆን በረዳቱ ነው፤ ረዳቱ ቀጭን ዘንግ አንስቶ ወደ ዋናው እቶን ከሄደና ትንሽ ብርጭቆ ጫፉ ላይ ይዞ ከተመለሰ አንድ ደቂቃ ገደማ ቀርቷችኋል። ስልክ የምትይዙ አሁን ያዙ። የምታወሩ ዝም በሉ።

ረዳቱ ዘንጉን ወደ ዕቃው መቀመጫ መሃል ያቀርባል፤ ጋፈሩ በመሣሪያው ጫፍ እየመራ ያገናኘዋል። ሁለት ሰው፣ ሁለት ዘንግ፣ መሃላቸው አንድ ብርጭቆ። ከዚያ ጋፈሩ በቀጭኑ አንገት ላይ ውኃ ጠብ ያደርጋል። ክው የምትል ትንሽ ድምፅ ትሰማላችሁ። ቧንቧውን ቀስ አድርጎ መታ ሲያደርገው ዕቃው ከቧንቧው ይላቀቅና በረዳቱ ዘንግ ላይ ይቀራል።

ወይም አይቀርም። ፐንቲው በጣም ከቀዘቀዘ ሳይጣበቅ ይለቃል፤ በጣም ከጋለ ተጣብቆ የዕቃውን ቂጥ ይዞ ይሄዳል። አንገቱ በቂ ካልቀጠነ ስብራቱ መስመሩን ትቶ ወደ ሆዱ ይሮጣል። ከዚህ ሁሉ የሚያድነው ረዳቱ ከእቶኑ እስከ አግዳሚው ሲመጣ የሚቆጥራት ጥቂት ሰከንድ ናት። ጭብጨባው ሲመጣ ለጋፈሩ ብቻ እንዳልሆነ እወቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ እስኪላቀቅ ድረስ አታጨብጭቡ፣ አትጩኹ፣ ፍላሽ አታብሩ። ፍላሹ በፎቶውም ላይ የጋለውን ብርጭቆ ገርጥቶ እንዲታይ ያደርገዋል።

16. አፉን መክፈት። ዕቃው አሁን በፐንቲው ላይ ነው፤ አፉ ሻካራና ጠባብ ነው። ይሞቃል፣ ጋፈሩ ጃክሱን አስገብቶ እያዞረ ይከፍተዋል። ሳህን ወይም ገበታ ከሆነ ደግሞ በፍጥነት ያሽከረክሩትና በሽክርክሪቱ ኃይል እንደ አበባ ይዘረጋል። ለቪዲዮ ከዚህ የሚያምር የለም።

17. መውጫው። እሳት የሚከላከል ወፍራም ጓንትና ልብስ ያደረገ ሰው ይመጣል። ፐንቲው መታ ይደረግና ዕቃው እጁ ላይ ይወድቃል፤ የተላቀቀበት ቦታ በእሳት ይለሰልስና በሩጫ ወደ ሳጥኑ ይገባል። ፍካቱ ጠፍቶ የቀዘቀዘ ይመስላል፤ ገና ከ500 ዲግሪ በላይ ነው። ለምን ሳጥን ካላችሁ፣ የፈላ ሻይ ቀዝቃዛ ብርጭቆ ውስጥ ቀድታችሁ ጧ ብሎባችሁ ያውቃል? ያው ነው። ላዩ ከውስጡ ቀድሞ ከበረደ እርስ በርሱ ይጓተትና ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ፣ ትልቅ ከሆነም ከዚያ በላይ፣ ቀስ እያለ ይበርዳል።

ሲበላሽ

ዕቃው ወድቆ ከተሰበረ። ይሰበራል፤ የተሻለው ባለሙያም ይሰብራል። «ውይ!» ማለት ሰው ሁሉ ያመልጠዋል፤ አትሳቁ እንጂ። አትነሱም። ቡድኑ ቁርጥራጩን ጠርጎ ብዙ ጊዜ ያንኑ ዕቃ ከመጀመሪያ ይጀምራል፤ ከየት እንደተሳሳተ ገምታችሁ ሁለተኛውን ስታዩ የሁለት ቀን ትምህርት በአንድ ቀን ታገኛላችሁ። የወደቀ ብርጭቆ እየበረደ ሲሄድ ቁራጩ ሊፈናጠር ስለሚችል ልጅ ወደ ፊት አይጠጋ።

መሃል ላይ ከደረሳችሁ። ዕቃው በቧንቧ ላይ ነው ወይስ በድፍኑ ዘንግ? ሰው እየነፋበት ከሆነ ገና ማዛወሩ አላለፈም፣ ቁጭ በሉ። አፉ እየተከፈተ ከሆነ ይህኛው አልፏችኋል፤ ጨርሱትና ቀጣዩን ጠብቁ።

የሚያብራራ ሰው ከሌለ ወይም ድምፁ ካልተሰማ። ረዳቱን ተከተሉ። ረዳቱ ሁልጊዜ ከሥራው አንድ እርምጃ ቀድሞ ነው የሚሄደው። እንጨት ሰሌዳ ካነሳ መቀመጫው ሊጠፈጠፍ ነው፤ ቀጭን ዘንግ ካነሳ ማዛወር ነው፤ ጓንት ካጠለቀ አልቋል።

ቪዲዮው ነጭ ከሆነባችሁ። ቁጥር 5ን አድርጉ። ካልሆነ ስልኩን ኪስ ክተቱት። ሙሉውን በስልክ መስኮት ያየ ሰው እኔ አንዱ ነኝ፤ ማዛወሩን ራሱን የቀረጽኩት የፊቴ ተቀማጭ ኮፍያ ላይ ነበር። ሦስት ቦታ ብቻ ቅረጹ፦ 8፣ 15 እና 16።

ልጅ ከሰለቸ። በማስገደድ አይሆንም፤ ይዛችሁ ውጡና ለማዛወሩ ተመለሱ። ሙዚየሙ ልጆች የሳሉትን ሥዕል እየመረጠ በብርጭቆ የሚሠራበት ፕሮግራምም አለው፤ የዚያን ውጤቶች አሳዩት። ባለ ስድስት እግር ጭራቅ በብርጭቆ ተሠርቶ ያየ ልጅ ተመልሶ ይቀመጣል።

ጥያቄ አጠያየቅ

18. ጊዜ ምረጡ። ዕቃው ግሎሪ ሆል ውስጥ ሲሆን ወይም ሳጥን ከገባ በኋላ ጠይቁ። አግዳሚው ላይ ሳለ፣ በተለይ ረዳቱ ቀጭን ዘንግ ይዞ ሲመጣ፣ ፈጽሞ። የምትጠይቁት በማይክሮፎን የሚያብራራውን ሰው እንጂ ጋፈሩን አይደለም።

19. «ያቃጥላል ወይ?» አትበሉ፤ ቀኑን ሙሉ ሲመልሱት ነው የሚውሉት። «አሁን ለምን መልሳችሁ አሞቃችሁት?»፣ «ሲበርድ ቀለሙ ምን ይሆናል?»፣ «የከበደው ቦታ የቱ ነበር?» በሉ። የመጨረሻው ጥያቄ መልሱ ብዙ ጊዜ እናንተ ካሰባችሁት ሌላ ነው፤ እኔ ማዛወሩ ነው ብዬ ስጠብቅ አንዱ «ያቺ የመጀመሪያዋ አረፋ፤ እሷ ከጠመመች ሁሉም ይጠማል» ብሎኛል።

ስትወጡ

20. ሲሠራ ያያችሁትን ዕቃ የዚያኑ ዕለት እንግዛ አትበሉ፤ ሳጥን ውስጥ ነው። መሸጫው ያለውን ስታዩ ግን ገልብጣችሁ ለማየት ፍቀዱልን በሉ፤ በራሳችሁ አታንሱ። መቀመጫው መሃል ላይ ትንሽ ክብ ጠባሳ ካለ ፐንቲው የያዘበት ቦታ ነው። ተሞርዶ የጠፋበትም ስላለ ጠባሳ የሌለው ሁሉ የማሽን ነው ማለት አይደለም። በጎኑ ከላይ እስከ ታች የወረደ ቀጭን ስፌት ካለው ግን በሻጋታ የወጣ ነው።

21. ወደ ዩኒየን ስቴሽን በድልድዩ ተመለሱ። ርዝመቱ 150 ሜትር ገደማ ነው፣ ክፍያ የለውም። ጣሪያው ሥር ስትገቡ ቀና በሉ፤ ከራሳችሁ በላይ 2,364 የብርጭቆ ዕቃዎች ተደራርበው ተቀምጠዋል። ሲዘረጉ እንዳያችኋቸው አፎች ጫፋቸው የተወዛወዘውን ፈልጉ፤ በሽክርክሪት የተከፈቱት እነሱ ናቸው። አክስቴ እዚያ ቆማ የቆጠረችው ሃያ ላይ ደርሶ ባቡሩ መጣብን።